ሟች የታጣበት ለቅሶ

ፍስሐ በዚያ ዓርብ ጠዋት፣ ገና አፉን ሳይከፍት፣ በመልክ የማያውቃቸውን አንዲት የወሎ እናት ገደለ። ያደረገው ነገር ቢኖር በር ማንኳኳት ነው። ካርቱም ውስጥ፣ ዴም ሰፈር፣ አምስት ሴቶች በጋራ የተከራዩት የአንዲት ክፍል ቤት የቆርቆሮ በር። ሴቶቹ ሁሉም የሰው ቤት ሠራተኞች ናቸው፤ ሳምንቱን በየመዳሞቻቸው ቤት ይከርሙና ሐሙስ ማታ እዚህ ተሰብስበው፣ ፍራሽ ላይ ተደርድረው፣ የአሠሪዎቻቸውን አነጋገር እየቀዱ ሲስቁ ያመሻሉ። ያን ዕለት በሩን የከፈተችው ጦይባ ነበረች። የመዳሟ እንግዳ ዓርብ ዓርብ ስለሚበዛ፣ ሌሎቹ እንደተኙ እሷ ወደ መዳሟ ሰፈር ወደ አርካዊት ልትሄድ ተነሥታ፣ አንድ እግሯን ጫማ ውስጥ አግብታ ሌላውን ጫማ በእግሯ ትፈልጋለች። ቀና ስትል ሦስት ሰው ቆሟል። ከፊት ነጭ ጀላቢያ የለበሱት፣ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙት ሼህ ሙሄዲን መቁጠሪያቸውን ይዘው፤ ከኋላ ጥቁር ሻሽ ያሰሩት ወይዘሮ በለጡ፤ ከመሃል እጁን ሆዱ ላይ አጣምሮ አንገቱን የደፋ አንድ ረጅም መነጽራም። ማንም አልተናገረም። ጦይባ አንዱን አየች፣ ሌላውን አየች፤ ያደረገችውን ጫማ አውልቃ ወረወረችና «እማዬን!» ብላ እደጃፉ ላይ ተዘረረች።

እውነቱን ለመናገር ፍስሐ የመጣው ለደግ ነው። ደብረ ታቦር ባዮሎጂ ሲያስተምር የነበረ፣ ደርግ ሲወድቅ በመተማ በኩል የወጣ፣ ካርቱም ከገባ ወዲህ ያልሞከረው ሥራ የሌለ ሰው ነው፤ አስተርጓሚ ሆኗል፣ የሆቴል ዘበኛ ሆኗል፣ ለሀብታም ልጆች ሒሳብ አስጠንቷል። አሁን ግን አምላክ ዐይኑን ጣል አድርጎለት፣ ካርቱም ሁለት በሚባለው ሰፈር ከአንድ የጭማቂ ቤት በላይ ፎቅ ላይ ያለ የተራድኦ ድርጅት «የማኅበራዊና ሥነ ልቦናዊ ድጋፍ ባለሙያ» ብሎ ለሙከራ ቀጥሮታል። ማዕረጉ ከደሞዙ ይረዝማል። ሥራው ስደት ያጎሳቆላቸውን፣ በተለይም ፖሊስ መንገድ ላይ ወረቀት የሌለውን ሁሉ እያፈሰ በሚጭንበት በከሻ ተይዘው የተፈቱትን ማነጋገርና ማጽናናት ነው። ችግሩ፣ የሚያነጋግረው አጣ። በየሳምንቱ ሴቶቹን ቢሮ ጠርቶ ክብ ሠርተው እንዲቀመጡ ያደርጋል፤ ብስኩቱን ይበላሉ፣ ለስላሳውን ይጠጣሉ፣ «ምን ይሰማችኋል?» ሲላቸው «አልሀምዱሊላህ፣ ደህና ነን» ብለው የተረፈውን ብስኩት በሻርፓቸው ጫፍ ቋጥረው ይሄዳሉ።

እንዲህ ከሆነ ቤታቸው ድረስ እንሂድ ተባለ፤ ለዚህም አንድ ፈረንጅ መጥቶ ሥልጠና ሰጠ። የተጎዳ ሰው ስትጎበኙ ብቻችሁን አትሂዱ አለ። የሚከበር ሽማግሌ ይኑር፣ ሴት ትኑር። ሰውየው ወደ ሥራ ሳይወጣ ማልዳችሁ ድረሱ። ስትገቡ አትቸኩሉ፤ ዝምታን አትፍሩ፤ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ፤ ብቻህን አይደለህም በሉት። ፈረንጁ አያውቅም፤ ምን ያድርግ! ከጎንደር እስከ ወሎ፣ ከእስላም እስከ ክርስቲያን፣ ሰው መርዶ የሚረዳው ልክ እንደዚህ መሆኑን የነገረው የለም። ፍስሐ ግን ያውቃል፤ የገዛ አባቱን መርዶ የተረዳው ጎሕ ሲቀድ፣ በሦስት ሽማግሌ፣ በዝምታ ነው። ነገሩ በእንግሊዝኛ ሲነገር አዲስ ሳይንስ መሰለውና ራሱን እየነቀነቀ ሰማው። ደግሞ የመረጠውን ሽማግሌ እይልኝ! ሼህ ሙሄዲን ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ከስፌት መኪናቸው የሚነሡት ወይ ለስግደት ነው ወይ ለሞት። በካርቱም የወሎ ሰው ሲሞት መርዶ ነጋሪው እሳቸው መሆናቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል።

ጦይባን የመረጠበትም ምክንያት አለው። ከወር በፊት ከሻ ይዟት ሰነበተችና፣ ከተፈታች ወዲህ አፏ ተለጉሞ ቀረ። አብራት የተከራየችው ዛሂራ ናት ቢሮ ድረስ መጥታ የነገረችው፤ ትሠራለች፣ ትሰግዳለች፣ ስትጠየቅ «እሺ» ትላለች፣ ከዚያ በቀር ሰው አታናግርም። ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ያለች እናቷን እንኳ ከደወለችላት ዓመት አልፏታል፤ የምትልከው የላትማ! ባዶ እጇን «እንዴት ነሽ» ብላ መደወል አፈረች። ፍስሐ ይህን ሁሉ ሰምቶ አዘነ፤ እውነተኛ ሐዘን ነበር፤ እሷን ሊያናግር ቆርጦ የመጣው ከልቡ ነው።

አሁን እላይዋ ላይ ተጎንብሶ ያን የተማረውን ሁሉ አከታትሎ አወረደው። «አይዞሽ ጦይባ፤ እኛ ከጎንሽ ነን፤ ብቻሽን አይደለሽም» አለ። ጩኸቱ እጥፍ ሆነ። ከውስጥ ዛሂራና ሌሎቹ ጸጉራቸው እንደተንጨባረረ ብድግ ብድግ አሉ፤ ሼሁን ሲያዩ ማንም ምንም አልጠየቀም፣ በያሉበት ደረታቸውን መምታት ጀመሩ።

«ኧረ ማንም አልሞተም!» አለ ፍስሐ።

«እንዲህ ነው የሚሉ!» አለች ዛሂራ እንባዋን እየዘራች። «የኔ አባት የሞተ ዕለትም ማንም አልሞተም ነው ያሉኝ!»

«ወላሂ አልሞተም! ዝም ብለን፣ ደህና ናት ወይ ብለን ነው የመጣን!»

«ያ ረቢ፣ ጋሽ ፍስሐ ከማለ'ማ አለቀላት!» ብላ ጦይባን አቀፈቻት።

ሼህ ሙሄዲን ወደ ፍስሐ ዘወር ብለው ትከሻውን በአድናቆት መታ መታ አደረጉት። «ደግ አረግህ ልጄ፤ እንዲህ ቀስ በቀስ ነው» አሉት በጆሮው። «ለመሆኑ ማን ናቸው የሞቱት? እናት ናቸው አባት? አልነገርከኝምኮ።» ፍስሐ አፉን ከፍቶ አያቸው። ሌሊት «አንዲት የተጎዳች ልጅ ጋ ማልደን እንሂድ፣ ጉዳዩ ስስ ነው» ሲላቸው፣ ሰውየው አንድ ነገር ብቻ ነው የገባቸው። «ማንም» አለ ፍስሐ፤ «ማንም አልሞተም፣ ሼህ።» «ልክ ነው፣ ልክ ነው፤ በሰው ፊት እንዲህ በል» አሉና መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ ገቡ።

ወይዘሮ በለጡ ክንዱን ያዝ አድርገው ወደ ውጭ ጎተቱት። እሳቸው ካርቱምን የሚያውቋት ከቀይ ሽብር ጊዜ ጀምሮ ነው፤ ለሠርግ ወጥ በመሥራት ይተዳደራሉ፤ ፍስሐን እንደ ታናሽ ወንድማቸው ይቆጡታል። «አንተ ዝም በል፤ በተናገርክ ቁጥር ትብስባለች» አሉት። «እትዬ በለጡ፣ እርስዎ እንኳ ይንገሯት።» «ምን ብዬ? ትንሽ አሟቸው ነው ልበላት? እሱን ካልኩማ ጉድጓድ ተቆፈረ ማለት ነው።» ደግሞም ልክ ናቸው። ባገራችን ሰው አልሞተም ብሎ ማስተባበል የሚቻለው ሰው ሲሞት ነው፤ ያልሞተ ሰው አልሞተም የሚባልበት ቋንቋ ማን አወጣለት? ወይዘሮ በለጡ ይህን ብለው ሻሻቸውን ጠበቅ አድርገው ወደ ውስጥ ተመለሱ። ልጅቷን ላረጋጋት ነው ያሉት።

ሱዳን ደግሞ ደግ አገር ነው፤ ደግነቱ ግን ችኩል ነው። ዋይታ የሰማ ጎረቤት መጀመሪያ ወንበር ያመጣል፣ ማን እንደሞተ ኋላ ይጠይቃል። ጥቂት ቆይቶ ከግቢው ፊት መንገዱ ላይ ድንኳን ተተከለ፤ ወንበር ተደረደረ፤ በባልዲ ውኃና በረዶ መጣ፤ ቶባቸውን የተከናነቡ የጎረቤት ሴቶች እየተንጋጉ ገቡ፣ ወንዶቹ ውጭ ቀሩ። ወንዶቹ ሐዘንተኛ ፈለጉ። ጦይባ ካርቱም ውስጥ ወንድም የላት፣ አጎት የላት፤ ሼሁ ወደ ፍስሐ ጠቆሙ። እምቢ ቢል ማን ሰማው! ከፊተኛው ወንበር አጠገብ አቆሙት። የሚመጣው ሁሉ መዳፉን ወደ ሰማይ ዘርግቶ «ፋቲሃ» ይላል፤ ፍስሐም መዳፉን ይዘረጋል፤ ተጨባብጠው ይላቀቃሉ፤ ሌላው ይመጣል። ፍስሐ የቄስ ልጅ ነው። ምን እንደሚል ግራ ቢገባው በልቡ አባታችን ሆይን ያደርሳል፤ እሱንም ቢሆን ለማን እንደሚያደርስ ስላልታወቀው እመሃል ላይ ይጠፋበታል። አንድ የብረት በያጅ ትከሻው ላይ ተጠምጥሞ «እናት አንድ ናት፣ ወንድሜ» ብሎ በዓረብኛ አለቀሰለት። ፍስሐ በሕይወት ያለችውን የራሱን እናት አሰበና፣ ሳያስበው እንባው መጣ። ከዚያ በኋላማ ማን ይመነው!

እሱ ያለበት ቦታ ከክፍሉ መስኮት ሥር ነበርና ውስጥ የሚባለውን ይሰማል። መጀመሪያ ጩኸቱ ብቻ ነበር፤ ቆይቶ ቃል እየለየ መጣ። ጦይባ ትናገር ነበር። ያቺ ወር ሙሉ አፏ የታሰረው ልጅ፣ ለሞተች እናቷ የደረሰባትን ሁሉ ትነግራት ነበር፤ እንዴት ከገበያ እንደያዟት፣ መኪናው ላይ እንዴት እንደተጫኑ፣ እስር ቤት የመጀመሪያውን ሌሊት ቁጭ ብላ እንዳነጋች፣ ጫማዋን እንዴት እንደወሰዱባት፣ በባዶ እግሯ ፀሐይ ባጋለው አስፋልት ላይ ሄዳ ቤቷ እንደገባች፤ «ይህን ሁሉ ማን ይስማኝ ብዬ ለማን ልንገር፣ እማዬ» እያለች። ሴቶቹ እየተቀበሉ «ውይ፣ ውይ» ይላሉ። ፍስሐ ጆሮውን ከመስኮቱ ሳይነቅል የበያጁን እጅ ይዞ ቀረ። ይህን ነው በብስኩትና በለስላሳ ሲለምን የከረመው።

ቀጥሎ የሌላ ሴት ድምፅ ተነሣ። በረሃ ላይ ውኃ ጥም የገደለው ወንድሟን አለቀሰች። ሌላዋ ጥላው የመጣችውን ልጅ አነሣች። ከዚያ አንድ ወፍራም፣ የሚንቀጠቀጥ ድምፅ ወጣና ፍስሐ ደነገጠ፤ ወይዘሮ በለጡ ናቸው! ያን ያህል ዘመን አብረው ሲበሉ ሲጠጡ አንድ ቀን ስሙን አንሥተው የማያውቁትን፣ በቀይ ሽብር ጊዜ ከቤት ወጥቶ የቀረ ታላቅ ወንድማቸውን «ሬሳህ አልተገኘም ብዬ ነው ያላለቀስኩልህ፣ በለጠ» እያሉ ይጠሩታል። ወንድማቸው በለጠ መባሉን ያን ዕለት ነው የሰማ። መሃል ላይ ሴቶቹ ሁሉ ደከማቸውና ጸጥ አሉ፤ አንዷ አፍንጫዋን ስትናፈጥ እንደ መለከት ጮኸችና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለቅሶ ቤት ሳቅ ሲመጣ አይቆምም። ዛሂራ የመዳሟን አረማመድ ልታሳያቸው ተነሣች፤ ሣቁ፤ ደግሞ እንደገና አለቀሱ። ፍስሐ እንዲህ ያለ ነገር በሥልጠናው ወረቀት ላይ አላነበበም።

በዚህ መሃል የጦይባ መዳም፣ ሲት ሉጥፊያ፣ ከአርካዊት ድረስ ከሾፌሯ ጋር መጣች። እንግዶቿ ሊመጡ ነው፣ ሠራተኛዋ ቀርታለች፣ ከመኪናዋ ሳትወርድ ነው መጮህ የጀመረችው። «ወይን ጦይባ? ወይን አልቢት ዲ?» ብላ፣ የታለች ይቺ ልጅ ማለቷ ነው፣ ስትወርድ ድንኳኑን አየች። ቆመች። ቁጣዋን እንደ ዋጠች ቶቧን በራሷ ላይ ሳበች፣ መዳፏን ዘረጋች፣ ፋቲሃዋን አደረሰች፣ ከዚያ ከሁሉም በላይ እየጮኸች ገባች። ጦይባን ደረቷ ላይ ለጥፋ አለቀሰች፤ የራሷ እናት ከሞተች ገና ዓመት አልሞላም ነበር። ወዲያው ቀና ብላ ሾፌሯን ስኳርና እንጀራ፣ ማለት የነሱን ዳቦ፣ እንዲያመጣ አዘዘች፤ እንግዶቿን «ቢካ፣ ለቅሶ ላይ ነኝ፣ እዚሁ ኑ» ብላ አስጠራች፤ እጅጌዋን ሰብስባም ባልዲው ዘንድ ቁጭ አለችና የሻይ ብርጭቆ ማጠብ ያዘች። ጦይባ መዳሟ ብርጭቆ ስታጥብ ባየች ጊዜ ለቅሶዋን አቋርጣ፣ «ዛሂራ፣ የማየው እውነት ነው?» አለች። «ዝም በይና እይ» አለቻት ዛሂራ፤ «ሁለተኛ አታይውም።»

ከጁምዓ ስግደት በኋላ ዶክተር በሽር መጡ። የፍስሐ አለቃ ናቸው፤ የቤት ለቤት ጉብኝቱ እንዴት እንደዋለ ሊያዩ ያልፋሉ ተብሎ ነበር። ድንኳን ሲያዩ መኪናቸውን አቁመው፣ ፊታቸውን አጥቁረው ቀረቡ፤ ለፍስሐ ፋቲሃ አደረሱለት፣ አቀፉት። ከዚያ በጆሮው «ማን ነው የሞተው?» አሉት በዓረብኛ።

«ማንም፣ ዶክተር።»

«እንዴት ማንም?»

ፍስሐ ነገራቸው። በሹክሹክታ፣ በመሃል የሚመጣውን ሁሉ እየጨበጠ፣ ከበሩ መንኳኳት ጀምሮ ሳይደብቅ ነገራቸው። ዶክተሩ መጀመሪያ ግንባራቸውን ያዙ። ቀጥለው ከመስኮቱ የሚወጣውን ሰሙ፤ አማርኛ አይችሉም፣ ግን የሰው ድምፅ ነው። «እኚህ ናቸው ያልተናገሩት? ያስለቀስካቸው አንተ ነህ?» አሉ። «እኔ ነኝ» አለ ፍስሐ በኀፍረት። «ማሻአላህ» አሉና መሐረባቸውን አውጥተው ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ትከሻቸው ይንቀጠቀጥ ጀመር። የሚያያቸው ሁሉ አዘነላቸው። ከሥሩ ግን እየሳቁ ነበር፤ ሳቁ አላስቆም ሲላቸው ፍስሐን ጎትተው ወደ መኪናቸው ገቡ። መስተዋቱን ዘግተው ሁለቱም እስኪታመሙ ሳቁ፤ ፍስሐ ካርቱም ከገባ ወዲህ እንዲያ ስቆ አያውቅም። ሲወጡ ዐይናቸው ቀልቶ ነበርና ሁለት ወንበር ተለቀቀላቸው።

ሳቁን ያጠፋው ከከተማው ዳር፣ ከሶባ፣ በሀፍላ አውቶቡስ የመጡ አንድ የሐይቅ ሰው ናቸው። እጃቸውን ዘርግተው ፋቲሃ ካደረሱ በኋላ ፍስሐ አጠገብ ቁጭ ብለው፣ «ሩቅያ አይደለች የሞተችው? የጦይባ እናት?» አሉ። «እኔማ ሰምቼ ነበር። ከመተማ የመጣ ነጋዴ ነው የነገረኝ፤ ሐይቅ ላይ አንዲት ሩቅያ ሞታ ተቀበረች አለ። እንዳላስደነግጣት ብዬ ነው የተውኩት።»  ነገሩ በዚህ በኩል ሊመጣ እንደሚችል ፍስሐ እስከ አሁን አንድ ጊዜም አላሰበም። እሱ መርዶ ይዞ አለመምጣቱን እንጂ ሴትየዋ መኖራቸውን በምን ያውቃል? ዓመት ሙሉ ድምፃቸው አልተሰማ! ሐይቅ ላይ ስንት ሩቅያ ይኖራል? ጠዋት ሲያስተባብል ለካ የሚያስተባብለው የማያውቀውን ነበር። ተነሣና መስኮቱን አንኳኳ።

«ጦይባ፣ ነይ ውጪ። እንደውል።»

 ጦይባ ዐይኗ አብጦ በመስኮቱ ብቅ አለች። «ለማን ነው የምደውለው፣ ጋሼ?» አለች። «ለእናትሽ።» «አልደውልም።» «ለምን?» ፊቷን አዙራ፣ «ከደወልኩ እውነት ይሆናል» አለች።  መልሱን ያገኙት ሼህ ሙሄዲን ናቸው፤ ቀኑን ሙሉ አንዳች ነገር ሲከነክናቸው ውሎ ነበር። «እኔ እስከ ዛሬ ማንነቱ ያልተነገረኝ ሰው መርዶ ተናግሬ አላውቅም» አሉ። «ልጄ፣ ሟች የሌለው ለቅሶ አላህም አይወደው። ያላ፣ እንሂድና ራሷን ሟቿን እንጠይቃት።»

ስልክ ቤቱ ከመንገዱ ማዶ ነው፤ ባለቤቱ ሳሊህ የሚባል፣ የመስታወት ሣጥን የመሰሉ ክፍሎች ደርድሮ ወደ አገር ቤት የሚያስደውል ሰው ነው። ድንኳኑ እንዳለ ተከተላቸው፤ ሳሊህ ገና ምሳውን ሳይጨርስ ሱቁ ሰው በሰው ሆነ። ዛሂራ ሐይቅ ያለ የአንድ ባለሱቅ ስልክ ነበራት። ጦይባ እጇ አልታዘዝ ስላላት ፍስሐ ራሱ ያዘው። መስመሩ ይንሿሿል። «ሃሎ! ከሱዳን ነው! የጦይባን እናት፣ ሩቅያን፣ በአስቸኳይ ሰው ይላክባቸው! የጦይባ ጉዳይ ነው!» ብሎ ጮኸ። «ሩቅያ አሉ ወይ? ደህና ናቸው?» ባለሱቁ አንድ ነገር ሲል መስመሩ ተቆረጠ። ደጋግመው ቢሞክሩ አልገባ አለ። ሳሊህ «ከአስር ስግደት በኋላ ይቀለዋል» አላቸው። ምን ይደረጋል፤ ወደ ድንኳኑ ተመለሱ። ምሳ በትላልቅ የሲኒያ ትሪ ቀርቦ ነበር፣ ፉል፣ አሲዳ የሚባለው ገንፎ፣ ሲት ሉጥፊያ ያስመጣችው ሥጋ። ሟቿ እስክትረጋገጥ ተብሎ የሚቀር ምግብ የለም። ጦይባ ብቻ ሳትነካ ፍራሹ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ወይዘሮ በለጡ ሊያጎርሷት ሞከሩ፤ አፏን ገጥማ ወደ መንገዱ ማዶ ታያለች። 

ከስግደቱ በኋላ ሲደወል በአንዴ ገባ፤ አሁን እጀታውን የያዘችው ጦይባ ራሷ ናት። ሁሉም እንዲሰማ ሳሊህ ድምፁን ለቀቀው። ስልኩ እንደተነሣ ከወዲያ ማዶ የመጣው ሃሎ አልነበረም፤ ዋይታ ነበር። የብዙ ሰው ዋይታ፣ ደረት ሲደቃ፣ «ውይ! ውይ!» ሲባል።  ጦይባ «በቃ» ብላ እጀታውን ለቀቀችና ወለሉ ላይ ዘጭ አለች፤ እጀታው በገመዱ ተንጠልጥሎ ተወዛወዘ። ከሶባ የመጡት ሰውዬ አንገታቸውን ነቀነቁ። ፍስሐ እጀታውን አነሣው፤ ዛሬ በዚህ ቤት ለምን ተፈጠርኩ አለ።

«ሃሎ! ማን ነው የሞተው?» አለ።

«ልጄ!» አለች አንዲት ሴት ከለቅሶው መሃል። «ልጄ ሱዳን ቀለጠች! ሰው ላኩብኝ፣ በአስቸኳይ ብለው፣ የጦይባ ጉዳይ ነው ብለው! ሬሳዋን ማን አጠበልኝ? ማን ገነዘልኝ?»

«እርስዎ ማን ነዎት?»

«እናቷ ነኛ! ማን ልሆን ኖሯል!»

ፍስሐ በአንድ ቀን ሁለተኛ ሰው መግደሉ ገባው። «አለች!» ብሎ አገር የሚያስነሣ ጩኸት ለቀቀ። «አለች እማማ! ይቺውት እዚህ! አለች!» ወደዚህም ዞሮ «አሉ!» አለ፤ «እናትሽ አሉ! እኔን ይግደለኝ፣ አሉ!» ሼህ ሙሄዲን በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የምሥራች ተናግረው እንደሆነ አላውቅም፣ ከስልክ ቤቱ ወጥተው መንገድ ላይ «አለች! አለች!» እያሉ ጥምጥማቸውን እያውለበለቡ ሮጡ። ሲት ሉጥፊያ ምን እንደተባለ ሳይገባት እልል አለች፤ የሷ እልልታ ሌላውን አስነሣው። ከሶባ የመጡት ሰውዬ «እንግዲያ ሌላ ሩቅያ ናታ» ብለው በድብቅ ወደ በሩ አፈገፈጉ። ዶክተር በሽር አሁን መሐረባቸውን አላወጡም፤ በግልጽ ነበር የሚስቁት፣ ምናልባትም የሚያለቅሱት። ወይዘሮ በለጡ ጦይባን ከወለሉ አንሥተው እጀታውን ጆሮዋ ላይ ለጠፉት።

እናትና ልጅ መጀመሪያ መነጋገር አቃታቸው። «አለሽ?» ትላለች ያቺ፤ «አለሁ፣ አለሽ?» ትላለች ይቺ፤ «አለሁ» ትላለች፤ እንደገና «አለሽ?» ትላለች። ሳሊህ ደቂቃውን የሚቆጥረውን ማሽን አጠፋው። ጦይባ ኋላ ላይ ድምፅዋ ሲበርድ፣ ሞትሽ ተብሎ የዋለውን ለቅሶ ነገረች፤ ቀጥላም አንገቷን ደፍታ፣ «እማዬ፣ ባዶ እጄን ነኝኮ። ለዚህ ነው የጠፋሁት» አለች። እናቷ ይህን የሰሙ አልመሰሉም።

«ከጠዋት ጀምሮ ነው ያለቀስሽልኝ?» አሏት።

«አዎ።»

«ሰው መጣ?»

«ድንኳን ሙሉ። መዳሜ እንኳ መጣች።»

«ምን ብለሽ አለቀስሽልኝ? እስቲ ልስማው።»

«ኧረ እማዬ!»

«ያላ፣ በይ!» አሉ ወይዘሮ በለጡ ከኋላዋ። «ሞተው የሚሰሙት ነገር አይደል፣ በቁማቸው ይስሙት!» ሁሉም ሳቀ። ጦይባ በሻርፓዋ ፊቷን ሸፍና፣ እያፈረች፣ ጠዋት ያወጣችውን ሙሾ በቀስታ አለችው፦

ሰባት ላም አሳልባ ደሀ የምታጠጣ፣
ሩቅያ ዛሬ ተኛች እንግዳ ሲመጣ።

«ሰባት ላም!» አሉ እናት። «አንዲት ጥጃ ናት ያለችኝ፤ ቀስ በይ፣ የቀበሌው ጸሐፊ እዚሁ ቆሟል፣ ግብር ይጥልብኛል!» ከሐይቅም ከካርቱምም ሳቁ ተቀባበለ። «ተይው ግን፣ ሰባት ይሁን፤ ያምራል። ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

«አለ እንጂ። ድምፅሽ ይናገራል። በይ።»

ጦይባ እጀታውን በሁለት እጇ ያዘች። ሳቁ ቀስ በቀስ በረደ፤ ሲት ሉጥፊያ እንኳ፣ አንድ ቃል ሳይገባት፣ ወደ መስታወቱ ተጠጋች።

ስልክ ቤቱማ ቅርብ ነው፣ ከሰፈሩ ጫፍ ላይ፣
አንዲት ቀን ሳልደውል አፈር ወሰደሽ ወይ።

መስመሩ ተንሿሿ። የተቆረጠ መስሎ ፍስሐ ወደ ሳሊህ ዞር አለ፤ ሳሊህ አልተቆረጠም ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ቆይተው እናት ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ደህና አልቅሰሽልኛል» አሉ። «እሱን የስልኩን ብቻ ከሙሾው አውጪው። ደውለሻል።»